በየቀኑ አዳማ ደርሶ መልስ፦ የትኛው ያገለገለ መኪና አያደክምም?

(ምስል፦ የቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ፣ ማለዳ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቤታችሁ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሥራችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ነው እንበል። ወይም በተቃራኒው፣ ቦሌ እያደራችሁ ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ትሠራላችሁ። የሚኒባስ ሰልፉ መሯችሁ፣ እቁብ ደርሷችሁ፣ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ነው። ደላላው ይደውልና «አንድ ቆንጆ መኪና አለች፤ ሴት ናት የያዘቻት፣ ገብቶ መንዳት ብቻ ነው» ይላችኋል።

ሴት ትያዛት ወንድ፣ የእናንተ ጥያቄ ሌላ ነው። ይቺ መኪና በየቀኑ 170 ኪሎ ሜትር ስትነዷት ወገባችሁን፣ ጆሯችሁንና ኪሳችሁን ምን ታደርጋቸዋለች?

መንገዱን ታውቁታላችሁ። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው። በሳምንት አምስት ቀን ከተመላለሳችሁ በዓመት ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትነዳላችሁ። ይህ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ከሚለው የከተማ መኪና ኑሮ ጋር አይገናኝም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አብዛኛው ሰው መኪና የሚሞክረው ደላላው ባቆመበት ሰፈር ነው። ሁለት መታጠፊያ፣ አንድ አደባባይ፣ ትንሽ ኮብልስቶን፣ አለቀ። በ40 ፍጥነት ሁሉም መኪና ደህና ነው። ሰው የሚያደክመው ነገር ብቅ የሚለው ከ80 በላይ ነው። ስለዚህ መኪናውን የምትነዱበት መንገድ ላይ ሞክሩት። ነዳጁንም የመንገዱን ክፍያም እናንተ ቻሉ። ቢያንስ ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሻጩ «ሩቅ ነው፣ አይመቸኝም» ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ። ይህን ያህል ብር የሚቀበል ሰው አንድ ሰዓት አያጣም።

(ምስል፦ መሪ የያዙ ሁለት እጆች፣ ፍጥነት መቁጠሪያው 90 ላይ)

መንገዱ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ ሬዲዮውን አጥፉ። ሻጩም ወሬውን ትንሽ ይቀንስ። መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙና ከ80 ወደ 110 ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መሪው እጃችሁ ላይ መንዘር ከጀመረ ወይ ጎማው ባላንስ ይፈልጋል፣ ወይ ቸርኬው ጉድጓድ መትቶት ተጣሟል። የመጀመሪያው ጎሚስታ ጋ በትንሽ ብር ያልቃል። ሁለተኛው አያልቅም። ንዝረቱ ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ጠርጥሩ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡ። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምር «ውውው» የሚል ድምፅ ካለ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን መሪውን ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ በሉት። ወደ ግራ ስትሉ ድምፁ ከበረታ፣ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ስላረፈ የቀኙ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት) ሳይሆን አይቀርም። ወደ ቀኝ ስትሉ ከበረታ የግራው ነው። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ጎማው ራሱ ነው የሚጮኸው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ቀለም ላይ ነውና። የጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የሄደ ጎማ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይጮሃል፣ ዝናብ ላይም ይንሸራተታል። ሌላው የጎማው ውፍረት ነው። ባለ 15 ቸርኬ፣ 195/65 ጎማ የጫነ ኮሮላ፣ ለማማር ተብሎ ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ከተገጠመለት ተመሳሳይ ኮሮላ የበለጠ ይመቻል። ስሱ ጎማ የአስፋልቱን መገጣጠሚያ እያንዳንዱን ወገባችሁ ላይ ይቆጥረዋል።

(ምስል፦ የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች ከመንገዱ ሲታዩ)

ትንሽ ወይስ ትልቅ? ቪትዝ የከተማ ንጉሥ ነው፤ አልክድም። ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው ቪትዝ ላይ 246 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይ 260። ይህ ርቀት ሲረዝም መኪናው ወደፊትና ወደኋላ መወዝወዙ ይቀንሳል፣ መስመሩንም ይይዛል።

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ጠዋት ከአዳማ የሚነሳ ሰው ሳያስተውለው 700 ሜትር ያህል ይወጣል። በዚያ ላይ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛው ያህል ይጠፋል። የባለ 1 ሊትሩ ቪትዝ 70 ፈረስ ጉልበት 55 አካባቢ ቀረ ማለት ነው። አራት ሰው ጭናችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ፣ አንድ ሲኖ ለመቅደም ስትረግጡት ሞተሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። ባለ 1.6 ወይም ባለ 1.8 ሞተር ይህን መንገድ ሳይጨነቅ ይሠራዋል። ሙከራችሁ ላይ በ100 ፍጥነት የሞተሩን ዙር ተመልከቱ። 2,500 አካባቢ ከሆነ ጆሯችሁ ያርፋል። 3,500 ከሆነ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትሰሙት ዘፈን እሱ ነው። ስትመለሱ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያውንም እዩት፤ ከመሐል ከፍ ካለ ራዲያተሩን አስፈትሹ።

«እንግዲያው ከፍ ያለ መኪና፣ ራቭ ፎር ልግዛ» የሚል አለ። ለገጠርና ለጉድጓድ እሺ። ለዚህ መንገድ ግን አሮጌ ራቭ ፎርን ከሴዳን አላስቀድመውም። አዳማ ልትደርሱ ስትሉ የምታዩዋቸው ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። አዳማ አንድና ሁለት የሚባሉት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው እዚያ ነፋስ ስላለ ነው። ያ ነፋስ ከፍ ያለውን መኪና በጎን ይገፋዋል፤ አሞርዛተሩ የደከመ ከሆነ ደግሞ መሪውን ስታርሙ ትውላላችሁ።

አሁን ኤሲ። አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት መክፈት ይበቃል። ለዚህ ነው የከተማ መኪኖች ኤሲ ሞቶ እንኳ ባለቤቱ የማያውቀው። በ110 ግን መስኮት ከፍታችሁ ስልክ ማውራት ቀርቶ ማሰብም አይቻልም። የአዳማን ከሰዓት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሻጩ «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» ይላል። ጋዝ ዝም ብሎ አይጎድልም፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሞልቶ ያሳያችሁ፣ ወይ ከዋጋው ይቀንስ።

ወንበሩ ላይ ሳትወርዱ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ጭናችሁ እስከ ጉልበት ድረስ ድጋፍ አለው? ትከሻችሁ ሳይነሳ መሪው ላይ ትደርሳላችሁ? አዲስ ቆዳ የለበሰ ወንበር ያምራል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ግን ያው አሮጌው ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ጠርዙን ጫን አድርጉት። ብረት ከነካችሁ ስፖንጁ አልቋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ መኪና ካጋጠማችሁ ፔዳሎቹ በትክክል ከፊታችሁ መሆናቸውን እዩ። ሰውነት ጠምዝዞ መንዳት ለሰፈር ምንም አይደለም፤ ለአዳማ ግን ዳሌ ይሰብራል።

የፀሐይ ነገርም አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ናት። አዳማ እያደረ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ጠዋትም ማታም ፀሐይ ከጀርባው ናት፤ ስፖኪዮው ላይ ብቻ ታስቸግረዋለች። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዱከም የሚሠራው ግን ጠዋትም ማታም ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። የፊት መስታወቱ በዝናብ መጥረጊያ የተጫረ ከሆነ በዚያ ሰዓት ምንም አያሳይም። መኪናውን በእኩለ ቀን ጥላ ሥር ካያችሁት ጭረቱን አታዩትም። ፀሐይ ላይ አስወጡት።

(ምስል፦ ቻርጅ ላይ የተሰካ መኪና)

የኤሌክትሪክስ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪናም ገበያው ላይ አለ። ለዚህ መንገድ ድምፅ የለሽ ሞተርና ከፍታ የማይቀንሰው ጉልበት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የፍጥነት መንገድ ባትሪ ይበላል። ከ90 ወደ 120 ስትጨምሩ የአየሩ ግፊት በ80 በመቶ ገደማ ያድጋል። የቻይናው ወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀት የተለካው በአብዛኛው በዝግታ ነው። እኔ ከዚያ ቁጥር ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው የማስበው። ትንሿ የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲጋል፣ ወረቀቱ 305 ኪሎ ሜትር የሚለው፣ በዚህ ሒሳብ 200 ቀረው። ደርሶ መልሱ 170 ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቢሯችሁ ያለውን ጨምሩበት። ትልቅ ባትሪ ላለው፣ ለባለ 405 ኪሎ ሜትሩ ሲጋል ይቻላል፤ ለትንሹ ባትሪ ግን መሐል ላይ የምትሰኩበት ቦታ ያስፈልጋል። ያገለገለ ስትገዙም ባትሪው ስንት በመቶ ጤና እንደቀረው በማሽን አስነብቡ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር የባትሪ ምርመራ አይደለም።

በነዳጅ እንቀጥል ካላችሁ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ባለ 1.6 ወይም 1.8 ሴዳን፣ ቀለሙ ቢያረጅም ካምቢዮውና ሞተሩ ጤነኛ የሆነ። ቆጣሪው ላይ ያለው የተነዳበት ኪሎ ሜትር ይቀነሳልና አትመኑት፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ የተሻለ ይናገራሉ። ሊብሬና ቦሎ ማየት ለሁሉም መኪና ነው፤ አልደግመውም። ብሩን ስትመድቡ ግን ሁሉንም ለሻጩ አትስጡ። የአራት አዲስ ጎማና የአራት አሞርዛተር ዋጋ ለይታችሁ አስቀምጡ። የጎማውን ቀን አንብባችሁ ያረጀ ከሆነ፣ ያንን ሒሳብ ከሻጩ ጋር ስትደራደሩ አንሱት።