25 በመቶ ትርፍ፣ በየትኛው ዋጋ?

እሷ፦ ከለገጣፎ እንደምን ቆያችሁ። የጎረቤት ጀኔሬተር ከተሰማችሁ ታገሱን። ጥያቄው እዚሁ ሰፈር የሚነሳ ነው፤ ለቦታ የተጠራቀመ ብር የባንክ አክሲዮን ቢገዛበት ያዋጣል? ባንኩ "በአክሲዮን 25 በመቶ አተረፍኩ" ብሏል።

እሱ፦ 25 በመቶው የተሰላው በፓር ቫልዩው፣ ማለትም በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። ያ 1,000 ብር ከሆነ ትርፉ 250 ነው። ሻጩ ግን 1,800 ካለ፣ 250 ለ1,800 ሲካፈል 14 በመቶ ገደማ ነው።

እሷ፦ እሱም ሁሉ ኪስ አይገባም።

እሱ፦ የት ሊገባ! ባንክ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ መጠባበቂያው የተከፈለውን ካፒታል እስኪያክል። ከ250ው 62.50 ሄደ፣ 187.50 ቀረ። ከዚያ ላይ ግብር አለ፤ ጠቅላላ ጉባኤውም የተረፈውን ለካፒታል ማሳደጊያ ሊያውለው ይችላል።

እሷ፦ መጠባበቂያው ግን የባለአክሲዮኑ ነው እኮ።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ በመዝገብ ዋጋው ውስጥ ይታያል። የኦዲት ሪፖርቱን ይዛችሁ የተከፈለ ካፒታልን፣ መጠባበቂያንና ያልተከፋፈለ ትርፍን ደምሩ። ድምሩ 7.5 ቢሊዮን፣ አክሲዮኖቹ 5 ሚሊዮን ከሆኑ የአንዱ መዝገብ ዋጋ 1,500 ነው። ለተበላሸ ብድር የተያዘው ተቀናሽ ካነሰ ግን ይህ 1,500 ራሱ የይስሙላ ነው።

እሷ፦ ካርታ ሳያይ ቦታ የማይገዛ ሰው አክሲዮን ሲሆን ሪፖርቱን አይገልጥም። ትርፉስ የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ?

እሱ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የያዘ ባንክ ሒሳቡ በብር ሲሰላ ትርፍ ታየበት። በየዓመቱ አይገኝም። ያንን አውጡና የ5 ዓመት አማካይ ውሰዱ። የአክሲዮኑን ቁጥርም እዩ፤ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ስላደረገ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ሸጠዋል። ጠቅላላ ትርፍ አድጎ የአንዱ ድርሻ ሊቀንስ ይችላል።

እሷ፦ እሺ፣ የአንዱ አክሲዮን የ5 ዓመት አማካይ ትርፍ 180 ብር ወጣ እንበል።

እሱ፦ በዓመት 15 በመቶ የምትፈልጊ ከሆነ 180ን ለ0.15 አካፍይ፤ 1,200 ነው። አሜሪካዊው የኢንቨስትመንት መምህር ቤንጃሚን ግርሃም "የደኅንነት ኅዳግ" የሚለው እዚህ ይገባል። ስሌታችን ሊሳሳት ስለሚችል ሩቡን ቀንሰን 900 እንላለን።

እሷ፦ ጨከንክ! ዕድገቱስ?

እሱ፦ ዕድገቱ ቢቆጠር ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ ግን ላልመጣ ዕድገት ቀድሜ አልከፍልም።

እሷ፦ መሸጡም ይታሰብበት። ወጋገን ባንክ በጥር 2017 አክሲዮን በይፋ በሚገበያይበት በኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። ገበያው ላይ ያልተመዘገበ አክሲዮን ግን ገዢ እስኪገኝ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበው ብር እዚህ ውስጥ አይግባ።