«የጀርባ ሕመም» የሚል ካርድ፦ የጡት መጠን መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለማን ይሆናል?

[ምስል፦ ማለዳ። ጋቢ የደረቡ ሴቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል።]

ተራኪ፦
አክስቴ በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለችው የሰላ ድንጋይ ሰው ናቸው። 11 ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው አንድ ነገር ነበር፤ «የጀርባ ሕመም»። አንዳንድ ጊዜ «የትከሻ» ይጨመርበታል። የሚሰጣቸው ማስታገሻ ለጥቂት ቀን ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

በእነዚያ ዓመታት አንድም ጊዜ «ጡቴ ከብዶኛል» ብለው አልተናገሩም። የጠየቃቸውም የለም። ሹራቡ፣ ነጠላው፣ ከላይ ጋቢው ሁሉንም ሸፍኖታል። በዚህ ብርድ ማን ገላውን ገልጦ ይታያል? ደግሞም ነውር አለ። ጡት ለልጅ የሚሰጥ ነው እንጂ ለሐኪም የሚነገር አይመስላቸውም ነበር።

ይህን ቪዲዮ የሠራሁት እንደ እርሳቸው ላሉ እናቶችና እህቶች ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋም ሆነ ቆላ፣ የሚያማቸውን ቦታ ሁሉ እየጠሩ ዋናውን የሚዘሉ ብዙ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

[ሥዕላዊ መግለጫ፦ የሴት ደረትና አከርካሪ ከጎን ሲታይ]

ጡት በውስጡ በዋናነት ሁለት ነገር ይዟል፤ ወተት የሚሠራው ዕጢና ስብ። የሁለቱ ድርሻ ከሴት ሴት ይለያያል። አንዷ ስትከሳ ጡቷ አብሮ ይቀንሳል፤ ሌላዋ ግን ፊቷና ክንዷ ከስቶ ጡቷ እንዳለ ይቀራል። «ብትከሺ ይቀልልሻል» የሚለው ምክር ለሁሉም የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የጡት መጠን በዘርም፣ በሆርሞንም፣ በእርግዝናም፣ በክብደትም ይወሰናል። ጥፋተኛ የሚፈለግበት ነገር አይደለም።

በቀዶ ሕክምና ከአንድ ጡት የሚወጣው ከጥቂት መቶ ግራም እስከ 1 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። 1 ኪሎ ማለት 1 ሊትር ውኃ ነው። ሁለት ሊትር ውኃ በእጅ ይዞ መሄድ ለሰላ ድንጋይ ሴት ምንም አይደለም። ያንኑ ከደረቷ ላይ አንጠልጥላ ጎንበስ ብላ ስታጭድ፣ ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ምጣድ ላይ ስትጎነበስ ግን ጀርባዋ ወደ ፊት የሚስባትን ሸክም ለመቋቋም ቀኑን ሙሉ እንደተወጠረ ይውላል። እንስራ ቤት ሲደርሱ ከጀርባ ይወርዳል። ይህኛው አይወርድም።

ምልክቶቹን አክስቴ ላይ ያየኋቸውን ይዤ ልንገራችሁ። ትከሻቸው ላይ የጡት ማስያዣው ማንገቻ የቆፈረው፣ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አለ። አንገታቸው ይደርቃል፤ ራስ ምታቱ ከማጅራት ይነሣል። በደረታቸው መተኛት ካቆሙ ቆይተዋል። አንዳንድ ሴቶች ጣታቸው ይደነዝዛል፤ እርሳቸው ይህ አልነበረባቸውም።

ከጡት ሥር ያለው ቆዳ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። ቆዳ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ሲውል ላብ ይታጎራል፤ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል፣ ይቆስላል፤ ፈንገስም ይገባበታል። ከጣርማ በር በታች፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ሙቀት ይህ በጣም ይብሳል። ከቆላ የመጣች አንዲት ጎረቤታችን ሽታው እንዳይታወቅባት ሰንበቴ መሄድ ትታ ነበር። ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ቁስሉ ሐኪም ዘንድ ቢታይ በቀላል ቅባት የሚድን ነበር፤ ሸክሙ እስካለ ድረስ ግን ይመላለሳል።

[ምስል፦ የልብስ ሰፊ እጆች፣ ሜትርና ጠመኔ]

ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ልብስ ሰፊ ይረዳኛል። ልብስ ሰፊ ትልቅ የሆነ ቀሚስ ሲያሳንስ ትርፉን ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ቆርጦ፣ ቀሪውን ቅርጽ አስይዞ ይገጥመዋል። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ንድፎች አንዱን በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሮበርት ዋይዝ የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ መነሻ ያደረገው የጡት ማስያዣ አቆራረጥን ነው። ስለዚህ ምሳሌዬ ከእውነቱ ሩቅ አይደለም።

ሐኪሙ ልኬቱን የሚያሰምረው ሴትየዋ ቆማ ወይም ተቀምጣ ሳለች ነው፤ ስትተኛ ጡት ቅርጹን ይለውጣልና። ከአንገት ግርጌ ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ ጡት ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። በብዙ ሴቶች ይህ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጡቱ በጣም ሲከብድ ከ35 ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ትርፍ ዕጢ፣ ስብና ቆዳ ይወጣል። የጡት ጫፍ ግን ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ አይነሣም። ደምና ስሜት ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ጡቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ሲሆን ብቻ ተነሥቶ እንደ አዲስ የሚተከልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ስሜቱ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ጡት ማጥባትም አይቻልም።

ስፌቱ በጡት ጫፍ ዙሪያ ይዞራል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ትርፉ ብዙ ከሆነ ከጡት ሥርም አግድም ይሄዳል። ጠባሳ ይቀራል። ይህን ማንም እንዲያለሰልስባችሁ አትፍቀዱ። ከዓመት በኋላ ይደበዝዛል፣ አይጠፋም። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳ አብጦ የሚያድግበት፣ ኬሎይድ የሚባለው ነገር ከነጮች ይልቅ ይበዛል። ጆሮዋን ተበስታ ያበጠባት ወይም የድሮ ቁስሏ ጉብ ብሎ የቀረባት ሴት ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ ትናገር።

የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ይመረመራል። ይህ እንዲደረግ ጠይቁ፤ ሳይጠበቅ ካንሰር የሚገኝበት ጊዜ አለና። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑት ከቀዶው በፊትም የጡት ምስል ምርመራ ይታዘዛል።

እዚህ ላይ በጥብቅ የምናገረው አለ። አንዱ ጡት በቅርቡ ብቻውን ካደገ፣ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ፣ ጉዳዩ መጠን መቀነስ አይደለም። ያ በቶሎ ካንሰር እንደሌለ መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው። ቀጠሮ አይጠበቅለትም።

[ምስል፦ አንቀልባ ያዘለች እናት፣ ከኋላ]

እንግዲህ ለማን ይሆናል?

በእኔ አመለካከት የመጀመሪያው ጥያቄ «ጡቴ ምን ያህል ትልቅ ነው?» አይደለም። «ምን ከለከለኝ?» ነው። ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ስግደት፣ ልጅ ማዘል የከለከላት፤ በልኳ የተገዛ፣ ማንገቻው ሰፊ የሆነ ጡት ማስያዣ፣ የጀርባ እንቅስቃሴና የቆዳ ሕክምና ሞክራ ያልተሻላት፤ ክብደቷ የረጋ፣ ስኳሯና ደም ግፊቷ የተያዘ ሴት፤ እርሷ ትሆናለች። በየመንገዱና በስልክ የሚሸጥ፣ ጡት ያሳንሳል የተባለ ቅባትና ክኒን ግን ገንዘብ ይበላል እንጂ ጡት አያሳንስም።

ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ረጋ ብላ ታስብበት። ከቀዶው በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚያጠቡ አሉ፤ ወተታቸው የሚያንሳቸው አሉ፤ ጨርሶ የማይመጣላቸውም አሉ። አስቀድሞ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም። የወተት ቧንቧዎቹ ከጫፉ ጋር እንደተያያዙ የሚተውበት አሠራር ዕድሉን ያሻሽላል፤ ይህን ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ይቻላል። እርግዝና ራሱ ጡቱን መልሶ ሊያሳድገው ይችላል። ገጠር ላለች፣ የዱቄት ወተት በየወሩ መግዛት ለማትችል እናት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሕመሙ የሚቻላት ከሆነ ወልዳ እስክትጨርስ ብትቆይ እመክራለሁ። የማይቻላት ከሆነ ግን ገና ላልተወለደ ልጅ ስትል ዓመታት ትሰቃይ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ልጅ ጡት ካስጣለች በኋላም ጡቷ እስኪረጋ ቢያንስ ጥቂት ወራት፣ ብዙ ሐኪሞች እንደሚሉት 6 ወር ያህል፣ ትጠብቅ።

ልጃገረዶችም አሉ። በጉርምስና ዕድሜ ጡት በወራት ውስጥ ከልክ በላይ የሚያድግበት ሁኔታ አለ። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ የማትሮጥ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትከሻዋን አጥፋ የምትሄድ ተማሪ ካያችሁ አትሳቁባት፤ እናቷን አነጋግሩ። ለአብዛኞቹ 18 ዓመት እስኪሞላና እድገቱ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ሕመሙ የከፋባት ግን ከዚያ በፊትም ልትታይ ይገባታል። ወንዶችም ጡት ያበቅላሉ፤ የእነርሱ መንስኤና ሕክምናው ሌላ ነው።

የምታጨስ ሴት ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብላ፣ ከቀዶውም በኋላ እስኪድን ታቁም። ሲጋራ ደም ሥር እንዲጠብ ያደርጋል፤ የጡት ጫፉ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ከቀዶው ጋር የሚመጡ ሌሎች ጉዳቶችም አሉ፤ መድማት፣ ማመርቀዝ፣ የሁለቱ ጡት አለመመጣጠን፣ የጫፉ ስሜት መቀነስ ወይም መጥፋት፣ አልፎ አልፎም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት።

[ምስል፦ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ]

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የሚጀምረው ግን ከቅርብ ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ታይቶ ሪፈር ይጻፋል። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በየቦታው አይገኝም፤ ከመንግሥት ሆስፒታሎች በዚህ ሙያ የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት ብቻ የሚደረግን ቀዶ አይሸፍንም። ስለዚህ ሪፈሩ ላይ ሕመሙ፣ ቁስሉና የተሞከረው ሕክምና በዝርዝር ይጻፍ፤ የሚሸፈነውና የማይሸፈነውም ከመሄድ በፊት ከመድኑ ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። የአልጋ፣ የማደንዘዣ፣ የላቦራቶሪና የመመላለሻ ወጪ ተደምሮ ይታሰብ። የስምምነት ወረቀቱን የምትፈርመው ራሷ ሴትየዋ ናት። ባል ወይም ወንድም ይመክራል፤ ገላው ግን የእርሷ ነው።

ጊዜውን መምረጥም ያስፈልጋል። ከቀዶው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አይነሣም። ይህ ማለት ጀሪካን የለም፣ እንስራ የለም፣ አንቀልባ የለም፤ የአንቀልባው ጠፍር ስፌቱ ላይ ነው የሚያልፈው። ክንድን ከፍ አድርጎ የሚሠራ ሥራም ይቆያል። ለአጨዳ ወቅት የተቃረበ ቀጠሮ አትቀበሉ። ለሰሙነ ሕማማት የተቃረበም እንዲሁ፤ መሬት ወድቆ መስገድ ለስፌቱ አይሆንምና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይሻላል። ቁስል እንዲድን ገላ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በጾም ወራት ከሆነ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ።

አክስቴ ቀዶው ከተወሰነላቸው በኋላ ስኳራቸው እስኪስተካከል 5 ወር ጠበቁ። ከአንዱ ጡት 900 ግራም፣ ከሌላው ከ1 ኪሎ በላይ ወጣላቸው። ስፌቱ እስኪታይ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አረፉ። ወደ ሰላ ድንጋይ ከተመለሱ በኋላ በዘጠነኛው ሌሊት ደወሉልኝ፤ ከጡታቸው ሥር፣ ቀጥ ያለውና አግድሙ ስፌት በሚገናኙበት ቦታ ተከፍቷል። ደነገጥኩ። ሐኪሙ በስልክ ሲጠየቅ ትኩሳት እንዳለ፣ መግል እንዳለ፣ ጡቱ በአንድ ጎን በድንገት እንዳበጠ፣ ጫፉ እንደጠቆረ፣ እግር አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮ እንደሆነ ጠየቀ። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር በዚያው ሌሊት መኪና ይፈለግ ነበር። አንዱም አልነበረም። ያ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚድን ቦታ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ቁስሉ ይጠረግ አለ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያው ግቢ ነው፣ ያው ወረፋ። ካርዱን የያዘችው ልጅ ቀና ሳትል «ዛሬስ ምንዎን ነው እትዬ? ጀርባዎን ነው?» አለቻቸው።

«አይደለም» አሉ አክስቴ፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ጡቴን ነው።»