ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት ኢንቦክስ፦ ጂሜይልንና ያሁን በተንደርበርድ መጠቀም

[በስክሪኑ ላይ፦ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር ያለች ጠባብ ኮፒ ቤት። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፤ በመስታወቱ ላይ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ጽሑፍ።]

ጤና ይስጥልን። ይህች የምታዩዋት ኮፒ ቤት በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮየ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ትገኛለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ብሎኬት የሚያመርቱ ሰው ይመጡና ባለፈው ሳምንት በሱቁ ኢሜይል የተላከላቸው ፕሮፎርማ እንደገና እንዲታተምላቸው ይጠይቃሉ። ሠራተኛዋም «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለም፤ ኢሜይሉ አልከፈት ብሏል» ትላቸዋለች። እሳቸው ግን «የኔ ልጅ፣ ያን ዕለት ያተምሽልኝ ከዚሁ ኮምፒውተር አልነበረም እንዴ? ታዲያ የት ሄደ?» ይላሉ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የዛሬው ማብራሪያ በሙሉ የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው።

መልሱ፣ ፕሮፎርማው ቀድሞውኑም እዚህ አልነበረም የሚል ነው። ሠራተኛዋ ፋይሉን ሳታስቀምጥ በብራውዘር እንደተከፈተ በቀጥታ ስላተመችው፣ በላፕቶፑ ላይ የቀረ ነገር የለም። ብራውዘር የሚያሳየን በአቅራቢው ድርጅት ሰርቨር፣ ማለትም ደብዳቤዎቹን በሚያስቀምጠው ሩቅ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ደብዳቤ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ደብዳቤውም አብሮ ከዓይናችን ይሰወራል። ነጻ የድረ ገጽ ኢሜይል የተፈጠረውም ሆን ተብሎ በዚህ መንገድ ነው። ሆትሜይል እ.ኤ.አ. በ1996፣ ያሁ ሜይል በ1997፣ ጂሜይል ደግሞ በ2004 ሲጀመሩ ትልቁ ማባበያቸው ሰው የራሱ ኮምፒውተር ባይኖረውም በየትኛውም ቦታ ተቀምጦ ደብዳቤውን ማንበብ መቻሉ ነበር። በኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ጠብቀን በሰዓት ስንከፍል ለነበርነው ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው፣ ቀኑን ሙሉ በዚያው ላይ ለሚሠራና ኔትወርኩ ለሚመላለስበት ሰው ሁኔታው ይለያል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተንደርበርድ ዋና መስኮት፤ በግራ በኩል ፎልደሮች፣ በቀኝ በኩል የደብዳቤዎች ዝርዝር።]

እንዲህ ላለው ሰው የሚሆነው በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ተንደርበርድ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ የወጣ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታወቀው የማይክሮሶፍት አውትሉክም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት የቀድሞውን ሆትሜይል «አውትሉክ ዶት ኮም» ብሎ ስለሰየመው፣ አንድ ሰው «አውትሉክ አለኝ» ሲል ፕሮግራሙን ይሁን አድራሻውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ሆኗል። የኢሜይል ፕሮግራም አዲስ አድራሻ አይሰጣችሁም፤ ያላችሁን የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ይዞ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝና የደብዳቤዎቹን ቅጂ ወደ ኮምፒውተራችሁ ያወርዳል። ቅጂው አንዴ ከወረደ በኋላ ለማንበብም ሆነ ለማተም ኔትወርክ አያስፈልግም።

ቅጂው የሚወርድበት መንገድ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ሰዎች ደብዳቤያቸውን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ፖፕ (POP) ሲሆን አሠራሩ ከፖስታ ሣጥን ጋር ይመሳሰላል፤ ሄዳችሁ ሣጥኑን ትከፍታላችሁ፣ ያለውን ሁሉ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ሣጥኑም ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው አይማፕ (IMAP) ነው። በአይማፕ ዋናው ደብዳቤ በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ በኮምፒውተራችሁ ያለው ቅጂ ከእሱ ጋር እየተመሳከረ ስለሚሄድ፣ በላፕቶፕ ያነበባችሁት በስልካችሁም እንደተነበበ ሆኖ ይታያል፤ በላፕቶፕ ያጠፋችሁትም ከስልካችሁ ይጠፋል።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቢሮ የሦስት ዓመት ደብዳቤ በፖፕ እየወረደ፣ ከሰርቨሩም ላይ እየተሰረዘ በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ሲጠራቀም ኖረ። የዴስክቶፑ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ ፕሮግራሙን የጫንኩት እኔ ነበርኩና። ፖፕን ከሰርቨሩ እንዳይሰርዝ አድርጎ ማስተካከል እንደሚቻል ያኔ አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ «የትኛውን ልምረጥ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አይማፕ ነው። ፖፕ የሚጠቅመው በሰርቨሩ ላይ ያለው ቦታ ሞልቶበት ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ማዛወር ለሚፈልግና ባክአፕ በሚገባ ለሚይዝ ሰው ነው። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ቢሆንም ቦታው ከፎቶዎችና ከድራይቭ ፋይሎች ጋር የጋራ በመሆኑ፣ ስልኩ ፎቶዎቹን ወደዚያ የሚልክ ሰው ሳያስበው ሊሞላበት ይችላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የአዲስ አካውንት መሙያ ገጽ።]

አሁን አካውንቱን እናስገባ። ተንደርበርድ መጀመሪያ ሲከፈት ስማችሁንና የኢሜይል አድራሻችሁን ይጠይቃል። የታወቁትን የነጻ ኢሜይል አቅራቢዎች አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው የሰርቨሩን ስምና የበሩን ቁጥር (ፖርት የሚባለውን፣ ደብዳቤው ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበትን መግቢያ) ራሱ ይሞላል፤ በእጅ መሙላት ቢያስፈልግ ለጂሜይል የሚመጣው ደብዳቤ በር 993፣ የሚሄደው ደግሞ በር 465 ወይም 587 መሆኑን አስታውሱ። ከሁለቱ ምርጫዎች አይማፕን ትመርጡና ትቀጥላላችሁ።

ወዲያው የጉግል የራሱ መግቢያ ገጽ በትንሽ መስኮት ይከፈታል። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን እንዲህ መሆኑ ለእናንተው ደኅንነት ነው። ድሮ የይለፍ ቃላችሁን ለፕሮግራሙ ትሰጡትና እሱ በየጊዜው ለሰርቨሩ ያቀርበው ነበር። ጉግል ይህን አሠራር ለግል አካውንቶች እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ አቁሟል፤ ማይክሮሶፍትም በመስከረም 2024 ተከትሎታል። አሁን የይለፍ ቃሉን የምታስገቡት በራሱ በአቅራቢው ገጽ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚይዘው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ በስልካችሁ ወደ ጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ያንን ፈቃድ መሰረዝ ትችላላችሁ። ይህን አዲስ አሠራር የማያውቅ የቆየ ፕሮግራም ያለው ሰው ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ካበራ በኋላ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል ከጉግል ማውጣት ይችላል። መግቢያ ገጹ እየደጋገመ ከተመለሰባችሁ በተንደርበርድ የግላዊነት ሴቲንግ ውስጥ ኩኪ (ገጹ መግባታችሁን ለማስታወስ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) መፈቀዱን ተመልከቱ።

[በስክሪኑ ላይ፦ በላፕቶፑ የቀኝ ታች ጥግ ያለው ሰዓትና ቀን፣ ጎልቶ።]

ሁሉም በትክክል ተሞልቶ ፕሮግራሙ አሁንም «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» እያለ እምቢ ካለ፣ የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት ወደዚህ ጥግ ተመልከቱ። ከሰርቨሩ ጋር የሚደረገው ግንኙነት የሚቆለፈው የሰርቨሩን ማንነት በሚያረጋግጥ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን በተጻፈበት ሰርተፊኬት ነው፤ የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ክልል ውጪ ከሆነ ግንኙነቱ ይከለከላል። የማዘርቦርዷ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ያለቀባቸው አሮጌ ዴስክቶፖች መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ዱሮ ዘመን ስለሚመለሱ ችግሩ ይደጋገምባቸዋል። ሌላው ምክንያት የእኛው ነው። አንዳንድ ሰው በቅን ልቦና የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያደርገዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና፣ ሰርተፊኬቱን ገና ያልወጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ራሴ በአንድ ሱቅ ይህን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ቀኑን የቀየሩት ባለቤት «ዘመኑን አስተካከልኩለት እንጂ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ፤ መልስም አልነበረኝም።

ቀጣዩ ጉዳይ የዳታ ጥቅል ነው። በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ሰው አካውንቱን እንዳስገባ ተንደርበርድ የዓመታት ደብዳቤን በሙሉ ማውረድ ይጀምርና ጥቅሉን ይጨርስበታል። በጂሜይል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጂሜይል ደብዳቤን በፎልደር አያስቀምጥም፤ በላዩ ላይ መለያ ይለጥፍበታል። ተንደርበርድ ግን እያንዳንዱን መለያ እንደ አንድ ፎልደር ስለሚያየው፣ በኢንቦክስ ያለ ደብዳቤ «ኦል ሜይል» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ በአካውንት ሴቲንግ ውስጥ ስለ ማመሳሰልና ስለ ማከማቻ ወደሚናገረው ክፍል ግቡ፤ ከፎልደሮቹ ዝርዝር «ኦል ሜይል»ን አንሱት፤ የሚወርደውንም በቅርብ ቀናት ደብዳቤ ወስኑት። ለአንድ ኮፒ ቤት የ30 ቀን ደብዳቤ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ከዚያ የቆየ ሲፈለግ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ይከፈታል። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ደብዳቤ እንዳይወርድ የሚከለክል ምርጫም አለ፤ ነገር ግን ይህን አትንኩት፤ ፕሮፎርማውና የጨረታ ሰነዱ የሚመጣው ከነአባሪው በዚያው ትልቅ ደብዳቤ ውስጥ ነውና።

የጋራ ኮምፒውተር ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ላክል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባው የሱቁ አካውንት ብቻ ነው። ደንበኛ «የእኔንም አስገቢልኝ» ቢል እሺ አትበሉ፤ የወረዱት ደብዳቤዎች በዲስኩ ላይ ሳይቆለፉ ስለሚቀመጡ፣ ላፕቶፑን የከፈተ ሁሉ ሊያነባቸው ይችላል። ተንደርበርድ ዋና የይለፍ ቃል እንድታወጡ ይፈቅድላችኋል፤ እሱ የሚሸፍነው ግን የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች እንጂ ደብዳቤዎቹን አይደለም።

[በስክሪኑ ላይ፦ እንደገና ኮፒ ቤቷ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ የኔትወርኩ ምልክት ተሰርዟል።]

አሁን ወደ ብሎኬት አምራቹ እንመለስ። ሠራተኛዋ ተንደርበርድን ትከፍታለች፣ በመፈለጊያው ላይ «ፕሮፎርማ» ብላ ትጽፋለች፣ ደብዳቤውም ከነአባሪው ይመጣል፤ መብራት ካለ ታትማለች፤ ከሌለ ደግሞ እሳቸው ቢያንስ ዋጋውን ከስክሪኑ ላይ አይተው በወረቀት ገልብጠው ይሄዳሉ። መልስ መጻፍም ይቻላል፤ በመላኪያው ቦታ «በኋላ ላክ» የሚለውን ስትመርጥ ደብዳቤው አውትቦክስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ኔትወርኩ ሲመለስ ያልተላኩትን ደብዳቤዎች ላክ የሚለውን ትጫናለች። ነገር ግን አውትቦክስ ያለው በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ወደ ቤት ከሄደ ደብዳቤው በሌላ በኩል አይወጣም። ስለዚህ ለጋሼ «ተልኳል» ከማለቷ በፊት የተላኩ ደብዳቤዎችን ፎልደር ከፍታ እዚያ መኖሩን ታያለች፤ ከሌለ ግን ስልክ ቁጥራቸውን ትቀበላቸውና ደብዳቤው ሲሄድ ትደውልላቸዋለች።