አንድ ፍሬ ሲጋራ እና የማይታየው ሥዕል

[ምስል፦ ጠዋት። የሰፈር ሱቅ መስኮት። በክር የታሰረ ላይተር ተንጠልጥሏል።]

ይህን ላይተር ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ ሱቅ መስኮት ላይ በክር ታስሮ የሚንጠለጠለው ነው። ሰው ይመጣና «አንድ ስጠኝ» ይላል። ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ባለሱቁ ያውቃል። ከተከፈተው ፓኮ አንዷን ፍሬ መዘዝ አድርጎ ያቀብለዋል። ሰውዬው ላይተሩን ሳብ አድርጎ ይለኩስና መንገዱን ይቀጥላል። ሁሉ ነገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች ግማሽ ደቂቃ ነው። አገራችን የትምባሆን ጉዳት ለመቀነስ ያወጣችው ሕግ ጠንካራ ነው። ይህን የምለው ለማሞገስ ያህል አይደለም፤ አንቀጾቹን ያነበበ ሁሉ ያየዋል። ግን ያ ሕግ እዚህች መስኮት ጋ ሲደርስ ይሾልካል።

[ምስል፦ የሲጋራ ፓኮ በቅርበት። ማስጠንቀቂያው ሥዕል ስክሪኑን ይሞላል።]

እስቲ ፓኮውን እንየው። በጥር 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ። ቁጥሩ 1112 ነው። ብዙ ሰው ይህን አዋጅ የሚያስታውሰው በቢራ ማስታወቂያ ነው። ከቴሌቪዥን የቢራ ማስታወቂያ ጠፋና ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። የትምባሆው ክፍል ብዙም ሳይወራለት አለፈ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከባዱ ነገር ያለው እዚያ ነው። የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ መሸፈን አለበት። ትምባሆን ማስተዋወቅም ሆነ በትምባሆ ስም ስፖንሰር ማድረግ ክልክል ነው። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ተከልክለዋል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ አይሸጥም።

ሥዕሉ ለምን አስፈለገ? ማንበብ የማይችለውም ሰው እንዲያየው ነው። በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን በከተተ ቁጥር ያንን ሥዕል ያያል፤ 20 ጊዜ ማለት ነው። አንድ ቀን ላይ ይሰለቸው ይሆናል። አንድ ቀን ላይ ደግሞ ልጁ «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ብላ ትጠይቀዋለች።

[ምስል፦ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ፍሬ ሲያወጣ። ፓኮው አይታይም።]

በፍሬ የሚገዛው ሰው ግን ሥዕሉን መቼ ያየዋል? አያየውም። የሚደርሰው ምንም ያልተጻፈባት ነጭ ጥቅል ናት። ከሱቅ በደረቴው ልጅ የሚገዛውም ያው ነው፤ ማስቲካው፣ ሶፍቱ፣ ሲጋራው አንድ ካርቶን ላይ ተደርድሮ። ማስጠንቀቂያውን ቀኑን ሙሉ ሲያይ የሚውለው ሻጩ ነው።

ግብሩም እዚሁ ላይ ይላላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ እና በተጨማሪ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ጣለ። 8 ብርን ለ20 ብናካፍል በፍሬ 40 ሳንቲም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደኛ ባሉ አገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር አጠቃቀሙ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በተለይ ወጣቱ ላይ ይሠራል፤ ኪሱ ስስ ነውና። ፓኮ ላይ የተጨመረ ዋጋ ያስደነግጣል። በፍሬ ሲበታተን ግን ተማሪው ከታክሲ መልሱ ላይ የሚከፍለው ይሆናል። በዚያ ላይ ለአንድ ፍሬ መታወቂያ የሚጠይቅ ባለሱቅ አይቼ አላውቅም።

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ይህን አስቦበታል። አንቀጽ 16 አገሮች ሲጋራን በፍሬና በትንንሽ ማሸጊያ መሸጥን ለመከልከል እንዲጥሩ ይላል። ምክንያቱንም ግልጽ አድርጎ ያስቀምጣል፦ እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲጋራን ለልጆች በቀላሉ እንዲደርስ ያደርጋል።

[ምስል፦ የጋያ ዕቃ፤ የሱረት ብልቃጥ።]

ትምባሆን መከልከል በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚወስድ አፍንጫው እንዲቆረጥ አውጀው ነበር። ዘግናኝ ነው። ጋያውም ሱረቱም ግን አልጠፋም። እኔ ከዚህ የማየው አንድ ነገር አለ፦ ያን ጊዜ የተቀጣው ሱስ የያዘው ሰው ነበር። የዛሬው ሕግ በአብዛኛው የሚይዘው አምራቹን፣ ሻጩንና የቤቱን ባለቤት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አጫሹ ጠላት አይደለም።

[ምስል፦ ማታ። ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጅ መተርኮሻ ስታራግፍ።]

ይቺን ልጅ ተመልከቷት። አጭሳ አታውቅም። ከአመሻሽ እስከ እኩለ ሌሊት በጭስ ውስጥ ትመላለሳለች። ቤቷ ስትገባ ፀጉሯ፣ ሹራቧ፣ ትራሷ ሳይቀር ይሸታል። የሚሸተው ቀላሉ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁት ብቻ ወደ 70 ይጠጋሉ። መስኮት መክፈት ወይም ቬንትሌተር ማዞር ሽታውን ይቀንስ ይሆናል፤ አደጋውን አያስቀርም። በዓለም ላይ ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ከነዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው አያጨሱም ነበር፤ የሰው ጭስ ነው የገደላቸው።

በ2008 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ በተደረገው የአዋቂዎች ትምባሆ ጥናት፣ ቡና ቤትና ጭፈራ ቤት ከገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለጭስ ተጋልጠዋል። ስለዚህ ነው አዋጁ በሥራ ቦታ፣ በምግብ ቤት፣ በመጠጥ ቤት፣ በትራንስፖርት ውስጥ ማጨስን ጨርሶ የከለከለው። «እዚያ ጥግ ላይ አጭስ» የሚባል ነገር የለም። ውጭም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ጫት ቤቱም ቢሆን ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ቤት ነው። እዚያ ግን ጫቱና ሲጋራው ተጣምረው ይኖራሉ። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ወደ ፓኮው ይሄዳል፤ የማያጨሰውም በጠባቡ ክፍል ውስጥ አብሮ ይምገዋል። አንድ ቤት ተሻሽሎ ማየት የምፈልግ ቢሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

[ምስል፦ የከተማ መንገድ፤ ወጣቶች ሲያልፉ።]

ያው ጥናት ሌላም ቁጥር አለው፦ በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ዝቅተኛ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ይህን ቁጥር ሌላ ሰውም አንብቦታል። የድሮ ሰዎች ትምባሆ ሞኖፖል የሚሉት ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ 40 በመቶ ድርሻውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2017 ደግሞ ሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ግድም አደረሰ። ከመቶ 95ቱ በማያጨስበት አገር ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ዓይኑ 5ቱ ላይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። 95ቱን እያየ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከ95ቱ ውስጥ ናቸው።

[ምስል፦ ሰው ከታክሲ ሲወርድ።]

አሁን ደግሞ ስለሚያጨሰው ሰው። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ በፍሬ ነበር የሚገዛው። «ፓኮ ከያዝኩ እጨርሰዋለሁ፣ ለመቀነስ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አስቦበት ነው። ግን ኒኮቲን ከሳንባ አንጎል ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨምርልኝ ይላል። እሱም ከታክሲ ወርዶ ቤቱ እስኪደርስ ሦስት ሱቅ ያልፋል። ሦስት መስኮት፣ ሦስት ላይተር። የእሱ ፓኮ ሰፈሩ ውስጥ ተበታትኖ የተቀመጠ ነበር ማለት ይቻላል።

ሲያቆም ያስቸገረው ከሰውነቱ በላይ መንገዱ ነበር። ሰውነትማ ቶሎ ይክሳል። ከመጨረሻዋ ሲጋራ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት መረጋጋት ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛው መጠን ይወርዳል። አንድ ዓመት ሲሞላ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋ ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ይቀንሳል። ለማቆም ያሰባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለባለሙያ ንገሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ መመለስ የብዙ ሰው መንገድ ነው፤ አፈርን ብላችሁ አትተዉት።

ጓደኛዬ በሦስተኛው ሙከራው አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ጀመረ። በጀርባ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። 15 ደቂቃ ይጨምርበታል። ሱቅ የለበትም። ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በዝናብ ጊዜ እንኳን በሦስቱ ሱቆች በኩል አያልፍም።

[ምስል፦ የአጥሩ ጥግ፤ ሰውዬው ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ። ድምፅ ይጠፋል።]