ሹራቡን ለእናቱ ሰጥቻለሁ በይው

(በአዳማ፣ በቀድሞ የብሔራዊ ውትድርና ዘማቾችና ቤተሰቦቻቸው ዓመታዊ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ሰብሳቢያችን ደውሎ «ቲቸር፣ ስለ ደጀኑ ሕዝብ አስተዋጽኦ አሥር ደቂቃ ተናገሪልን» ሲለኝ ወዲያው እሺ አልኩት። ያን ያህል ቶሎ እሺ ማለቴ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። የደጀኑን ነገር ቶሎ ልጨርሰውና ወደ እሱ እገባለሁ።

ደጀኑ በሶ ፈጨ። ዳቦ ቆሎ ጠበሰ። ቋንጣ ዘለዘለ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ ከደመወዙ ተቆረጠበት። የሴቶች ማኅበር በጠራን ቁጥር ቀበሌ ግቢ ውስጥ ጭስ ስንበላ ውለናል። ከዚያ ሁሉ ዳቦ ቆሎ ስንቱ እጃችሁ እንደገባ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልናገርም። ደጀኑ ይሄው ነው። አለቀ።

አሁን ወደ አምናው ልመለስ። አምና እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ምሳ ተበልቶ ቢራው ሲከፈት፣ አንድ ወንድማችን ከኪሱ የድሮ ደብዳቤ አወጣ። መስመር ባለው ሉክ ላይ የተጻፈ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ የተበላ። ያኔ ግንባር እያለ እጮኛው የላከችለት የመለያያ ደብዳቤ ነው። ማይኩን ያዘና ድምፁን አቅጥኖ እንደ ሴት አነበበው። «ሹራብህን ለእናትህ ሰጥቻለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ «የኔዋ ደግሞ እንዲህ ብላኛለች» አለ። ሌላውም ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ መቀለጃ ሆኗል። ኮፍያው ለጠፋበት ሰው «ለእናትህ ተሰጥቷል» ትላላችሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ፕሮግራም ላይ ገብቷል። «የድሮ ደብዳቤዎች ንባብ» ተብሎ ከምሳ በኋላ ተራ ይዟል።

እናንተ ስትስቁ ሴቶቹ የት ነበሩ? እዚያ ጥግ፣ ቡና ሲያፈሉ። አንዷ ሲኒውን ሳትቀዳ ትታ ወጣች። በኋላ በረንዳ ላይ አገኘኋት። ምንም አላለችኝም፤ «ራሴን አሞኛል» ነው ያለችኝ። እሷም በጊዜዋ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፋለች። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ያጻፈችኝ እኔን ነው።

አዎ። ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ያኔ አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ፣ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመዱ ልጆች ነበሩ። ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ። ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይፈራል። «እንዳታሳፍሪኝ፣ በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ» ይሉኛል። እናቶችም ይመጡ ነበር። የመጣላቸውን የማነብላቸውም እኔ ነኝ።

ደብዳቤው እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ለልጆቹ ልንገራቸው፤ ለነሱ ተረት ነው። ያኔ በአገራችን ፖስተኛ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር። ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። ሳጥን ያለው ማነው? መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ አንዳንድ ነጋዴ። ስለዚህ የእኛ ትምህርት ቤት ሳጥን የሰፈሩ ሁሉ ሳጥን ነበር። ልጅቷ ደብዳቤ መጥቶልኝ ይሆን ብላ ስትጠይቅ ዘበኛው ይሰማል፣ ጸሐፊዋ ትሰማለች፣ በማግስቱ ሰፈሩ ይሰማል። ተከፍቶ የመጣ ደብዳቤም በዓይኔ አይቻለሁ። ፖስታውን ያላመነ ለአሰብ ሾፌሮች ይሰጥ ነበር። የአሰብ መንገድ በከተማችን መሃል ያልፍ ስለነበር ትሬንታ ኳትሮ የምንለው የጭነት መኪና ሁሉ እዚህ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከአሰብ በመርከብ ምጽዋ፣ ከምጽዋ እንግዲህ እንደ ዕድሉ። ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ የት እንደገባ አምላክ ይወቀው።

አንዷን ልንገራችሁ። ያችን በረንዳ ላይ ያገኘኋትንም፣ አምና ደብዳቤዋ የተነበበባትንም አይደለም፤ ሌላ ናት። እሷም እሱም ፈቅደውልኛል፣ ስም ግን አልጠራም።

ልጁ ጋራዥ ይሠራ ነበር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲወጣ በአፈሳ ተያዘ። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ልጅቷ ጋ ሹራቡና አንድ የመፍቻ ቦርሳ ቀርተው ነበር። ቦርሳው የእሱ አይደለም፣ የጋራዡ ጌታ ነው። ለጠዋት ሥራ ብሎ ይዞት አምሽቶ እሷ ቤት አስቀምጦት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው ደህና ይመጣ ነበር። ከሥልጠና ጻፈ። ከአስመራ ጻፈ፣ ፎቶም ላከ። ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያም ጠፋ። እሷ ሁለት ዓመት ተኩሉን በጣቷ ትቆጥር ነበር። አዋጁ እኮ ያለው ይህንኑ ነው። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ይሠልጥን፣ ሁለት ዓመት ያገልግል ነው ያለው። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመልሶ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል። ልጅቷ ይህን ከሬዲዮ ሰምታ፣ አምና፣ ቆጠረች። ቆጥራ ጨረሰች። ማንም አልመጣም።

በመጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ የተደረገው የአፍአበት ጦርነት ወሬ መጣ። ሬዲዮ ሳይናገር፣ በሹክሹክታ። እዚያ የነበረው የሠራዊታችን ክፍል፣ ናደው ዕዝ፣ ተደመሰሰ ተባለ። ማን ሞተ፣ ማን ተማረከ፣ ማን ተረፈ፣ የሚነግረን የለም። ቀበሌ ሄደን ብንጠይቅ «ታገሱ» ነው መልሱ። መርዶ የለ፣ የምሥራች የለ። እናቱ ጥቁር ልልበስ ወይስ ነጭ ብላ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ የፊደል አስተማሪ፣ ምን ልመልስላት?

በዚህ መሃል የልጅቷ አባት ሽማግሌ ተቀበለ። ሰውየው የእህል ነጋዴ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። አባቷ ደግሞ ሳንባውን የታመመ፣ ከኋላዋ ትናንሽ እህቶች ያሉባት። እንግዲህ ፍረዱ።

እሑድ ከሰዓት መጣች። ሉክና ፖስታውን ገዝታ ይዛለች፣ ቡናም አልጠጣም አለች። በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጀመርኩላት፣ እንደ ደንቡ፤ «ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።» አቆምኩና «ከዚህ በኋላ ምን ልበል?» አልኳት። የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች ብዙ ቆየች። ከዚያ «ሹራቡን ለእናቱ ሰጥቻለሁ በይው» አለችኝ።

«እንዴ፣ ዋናውን ነገር ሳንጽፍ?»

«እሱን አስቀድሚልኝ» አለች።

ጻፍኩ። ቀጠለች። «መፍቻዎቹን ለጋራዡ ጌታ አስረክቤያለሁ። ሲቆጠር 14 ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር። ገዝቼ ሞልቻለሁ። ሰውየው ቅር አላለውም፣ ስትመጣ ሥራህ አለ ብሏል።» ይሄን ሁሉ ቃል በቃል አጻፈችኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ ነው «አባቴ ቃል ሰጥቷል፣ አትጠብቀኝ» ያለችው። እሱን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ብዕሬን እንጂ እሷን አላየሁም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይሄ ያስቃል? የሹራቡ ነገር ለምን ይቀድማል ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ አገር የሰው ንብረት ይዛ ሌላ ቤት የገባች ሴት ስሟ አይነሳም። «በላችው» ትባላለች። እሱ በሕይወት ካለ ንብረቱ በማን እጅ እንዳለ ይወቅ። ከሌለም እናቱ የልጇን ልብስ ትያዝ። ልጅቷ ሒሳቧን እየዘጋች ነበር። በድሃ አቅሟ መፍቻ ገዝታ እየሞላች። እናንተ በሴት ድምፅ የምትቀልዱበት መስመር ይሄ ነው!

ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዝም ብላ ማግባት ትችል ነበር። ማን ይጠይቃታል? ብዙዎች እንደዚያ አድርገዋል፣ አልፈርድባቸውም። የጻፈችው ግን ለእኔ ገመናዋን ገለጠች። ደብዳቤው ቢከፈት ቀበሌ «የወታደር ሞራል ገዳይ» እንደሚላት ታውቃለች። የእናቱን ደጅ ረግጣ ሹራቡን በእጇ ሰጠች፤ ያቺ እናት ምን እንዳለቻት እኔ ሰምቻለሁ፣ እዚህ አይደገምም። ይሄን ሁሉ ያደረገችው እናንተ ወሬ እየጠበቃችሁ ምሽግ ውስጥ እንዳትቃጠሉ ነው። ከሃዲ የምትሏት እሷን ነው? ሁለት ዓመት ብሎ ሁለት ዓመቱን ያላከበረው ማነው? እሷ ናት አዋጁን የጣሰችው? እስቲ አጨብጭቡ! እዚህ ላይ ካላጨበጨባችሁ የት ልታጨበጭቡ ነው?

ልጁ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ሱዳን ገባ፣ ከዚያ ዞሮ መጣ። ደብዳቤው ጨርሶ አልደረሰውም ነበር። እናቱ ሹራቡን ስትሰጠው ነው የገባው። በማግስቱ ጋራዡ ሄደ። ቦርሳውን ከፍቶ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ደረደረና 14 ቁጥሩን አዲስ ሆኖ ሲያየው «ይሄ የኛ አይደለም» አለ። ጌታው ነገረው። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው። ሲያጫውተኝ አልሳቀም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖችም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ «ዲር ጆን»፣ «ውድ ጆን» ማለት ነው፣ ይሉት ነበር አሉ። እዚያም የተቀለደው በጻፈችው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ግን እኔ አሜሪካ ሄጄ ልቆጣ አልችልም። እዚሁ ነው የምቆጣው።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፣ ምክንያቱም ማንም የማይናገረው አለ። ደብዳቤ ያልጻፋችሁትስ? አስመራ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ፎቶ ተነስታችሁ፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብላችሁ ልካችሁ፣ ከዚያ እዚያው ቤት ሠርታችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁ፣ እዚህ ያለችው እየጠበቀች ያረጀችባችሁ? እነሱን እየዞርኩ ያጽናናሁ እኔ ነኝ። «ፖስታ ዘግይቶ ይሆናል» እያልኩ። ስንት ዓመት ፖስታ ይዘገያል? እናንተ ያልጻፋችሁት ደብዳቤ መድረክ ላይ አይነበብም፤ ስለሌለ። አያችሁ፣ የሚሳቅባት የጻፈችዋ ናት።

የዘንድሮ ልጆችን ነገር አጭር ላድርገው፣ ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያየ ነው። አሁን መለያየት በቴሌግራም ነው። ሁለት መስመር፣ ከዚያ ብሎክ። የእህቴ ልጅ ካምፕ እያለ እንደዚያ ደረሰበት። ኔትወርክ ሲመጣ ነው ያየው። ለወላጆች የምለው፣ እንደዚያ የሆነበት ልጅ ቤታችሁ ሲመጣ አትቀልዱበት፣ በልጅቷም አትቀልዱ።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልውረድ። ከምሳ በኋላ ያለው «የድሮ ደብዳቤዎች ንባብ» ይሰረዝ። ደብዳቤ ያላችሁ ለቤታችሁ አስቀምጡት፣ ወይም ለጻፈችላችሁ መልሱላት። አንዳንዶቹ እዚሁ ናቸው፣ ቡና እየቀዱላችሁ ነው።

አይ፣ ፕሮግራም ነው፣ አይሰረዝም ካላችሁም ችግር የለም። እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። ይቺን ቦርሳ ታያላችሁ? ከአስመራ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች አሉበት። «ቤት ሠርቼ እወስድሻለሁ፣ አደራ ጠብቂኝ» የሚሉ። ባለቤቶቻቸው፣ ማለት ሴቶቹ፣ ይነበብ ብለው ፈቅደውልኛል። ከናንተ ቀጥዬ አነባለሁ። ስም አልጠራም። የእጅ ጽሑፉን ግን ለሁሉም አዞራለሁ፤ ሚስቶቻችሁ ያውቁታል።

አመሰግናለሁ። መልካም ምሳ።