«ላላ አድርገሽ ያዢው»

አዎ፣ ብዕር። እንደገና ብዕር፤ መገጣጠሚያው ከልክ በላይ የሚለጠጥ ሰው ብዕር ሲይዝ። ባለፈው ስለዚሁ ስጽፍ «ሌላ ዕቃ የለም ወይ?» ያላችሁኝ፣ ይቅርታ፤ ነገሩ አልለቀቀኝም።

ያቺ ቅጽበት ናት። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ። በዝግታ እንያት እስቲ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቆነጥጣሉ፣ ጫናው ይመጣል፣ የሌባ ጣት የመጨረሻዋ መገጣጠሚያ፣ ከጥፍሩ ሥር ያለችው፣ መታጠፍ ሲገባት ወደ ኋላ ትሰረጉዳለች። ጥፍሩ ይነጣል። እዚህ ጋ አቁሙት። ጅማቱ ላላ ነው፣ የሚገታት የለም፤ ጡንቻው የራሱ ሥራ ሳያንሰው የጅማቱን ደርቦ ይሠራል። ሦስት መስመር ይጻፋል፤ አራተኛው ላይ እጁ መቃጠል ይጀምራል።

ይሄኔ አንድ ሰው «ምነው እንዲህ ጨመቅሽው? ላላ አድርገሽ ያዢው» ይላል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያም፣ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምደው ሐኪም ቤት ያለው ሰው እንኳ፣ ይላል! የሚከነክነኝ ይኸው ነው። የላላ መገጣጠሚያ የት እንዳለ ለአእምሮ በደንብ አይናገርም። ብዙ ጊዜ እጁ የሚጨምቀው ብዕሩ የት እንዳለ እንዲሰማው ነው። ጭመቃውን ስትወስዱበት ወሬውንም ወሰዳችሁበት። በጨለማ ደረጃ ውረጂ፣ ግድግዳውን ግን እንዳትነኪ እንደማለት... አጋነንኩት መሰለኝ። ትንሽ።

የሚሻለው ብዕሩን በሌባና በመሀል ጣት መካከል አሳልፎ ማስተኛት ነው። ግንዱ ሁለቱ ጣቶች ሥር ላይ ስለሚያርፍ አውራ ጣት አጥብቆ ባይቆነጥጥም አይወድቅም። ቀለሙም ሳይጫኑት የሚፈስ፣ ጄል ብዕር ይሁን። ወረቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ያዘነበለ ሰሌዳ ላይ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እግር! እግር ወለል ካልረገጠ ወገብ ይዋልላል፣ ወገብ ሲዋልል ትከሻ ይገተራል... ስለ ወንበር አልጀምርም፤ ታውቁኛላችሁ።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ያ የቤይተን መለኪያ፣ መገጣጠሚያ ከልክ በላይ ይለጠጥ እንደሆነ የሚታይበት። 9 ነጥብ አለው፤ ለአዋቂ 5፣ ከ50 ዓመት በላይ ላለ 4 ካገኘ ተለጣጭ ነው ይባላል። ትንሿ ጣት አለች፣ አውራ ጣት አለ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ወገብ። የሌባ ጣት ጫፍ አንድም ነጥብ የላትም። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው እሷ!

እሺ፣ የቀለበት ስፕሊንት፣ ጣት ላይ የሚጠለቅ መደገፊያ። ስምንት ቁጥር የሚመስለው። ጣት እንዲታጠፍ ይፈቅዳል፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ ደስ የሚል ዕቃ ነው። ግን ጠዋት የተለካው ማታ ሊጠብ ይችላል፣ ጣት ያብጣላ። እንዲህ ያለ ሰው ቆዳውም ስስ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል አድርጎ፣ አውልቆ ማየት። ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ ልኩ አይደለም። «ይለመዳል» የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ያቺን መገጣጠሚያ ስታስሯት ጫናው የት ሄደ? አንዳንዴ አውራ ጣት ሥር። አንዷን ስትይዙ ጎረቤቷ ትከዳለች። ስለዚህ ቀለበቱ ሳይደረግም፣ ከተደረገም በኋላ አምስት አምስት መስመር አጽፎ የአውራ ጣቱን ሥር ማየት ነው እንጂ ጣቱ ቀጥ አለ ብሎ ማጨብጨብ...

ወደ ጭመቃው ልመለስ። ምናልባት ብዕሩን ወፈር፣ ሻከር ማድረግ? መገጣጠሚያው ዝም ቢል ቆዳው ይናገራል። ብዙም ሳይጨመቅ አይንሸራተትም። ግን ሻካራው ያንኑ ስስ ቆዳ ይልጣል። በለስላሳ ጨርቅ ቢጠቀለልስ? ጨርቅ ደግሞ ይዞራል፣ ሲዞር ደግሞ እጁ ይጨምቃል፣ እና...