አሥራ አምስተኛውን ዱላ ማን ከተተው?

ሰላም፦ ዛሬ ርዕሳችን ዘና የሚያደርግ ነው። ደም የማይፈስበት፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ የሚካሄድ የምርመራ ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ዳዊት፣ ከምን እንጀምር?

ዳዊት፦ ከወንጀሉ። ግን መጀመሪያ አንድ የእውነት ታሪክ ላውራሽ፣ አላስችል አለኝ።

ሰላም፦ ጀመረ እንግዲህ!

ዳዊት፦ በፈረንጆቹ 2001፣ ኦፕን ሻምፒዮና የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር፣ እንግሊዝ ውስጥ ሮያል ሊትሃም ሜዳ። የመጨረሻው ቀን ነው። ጎልፍ ተጫዋቹ ኢያን ዉዝናም ሦስት ምት የሚጠበቅበትን የመጀመሪያ ጉድጓድ በሁለት ጨረሰ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ሁለተኛው ላይ ካዲው፣ ማለትም የዱላ ቦርሳውን የሚሸከምለት ረዳቱ፣ ጠጋ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ድራይቨር፣ ሩቅ መምቻው ትልቁ ዱላ፣ እንዳለ ነገረው።

ሰላም፦ ቢኖርስ?

ዳዊት፦ የሚፈቀደው 14 ዱላ ነው፤ እነሱ 15 ይዘዋል። ሁለት ምት ቅጣት! በንዴት ዱላውን ወረወረው።

ሰላም፦ ካዲው ነዋ ጥፋተኛው! መቁጠር የሱ ሥራ ነው።

ዳዊት፦ ቆይ፣ መርማሪ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ለምን ቀድመው አላዩትም?

ሰላም፦ ስላልቆጠረ!

ዳዊት፦ ያ ሜዳ የሚጀምረው ርቀቱ አጭር በሆነ ጉድጓድ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ገና ሲጀመር ድራይቨር ይመዘዛል፤ ሁለት መሆናቸው ያኔውኑ ይታያል። እዚያ ግን ማንም አልፈለገውም። ፍንጭ ማለት ይሄ ነው! ማስረጃው ቦርሳው ውስጥ ተገትሮ ቆሟል፣ የሚያየው የለም።

ሰላም፦ ቆንጆ ነው። ግን ካዲው ነው።

ዳዊት፦ ተጫዋቹም እኮ በሁለቱም ሲለማመድ ነበር!

ሰላም፦ ቢለማመድም። መቁጠር የካዲው ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግማሽ ግማሽ።

ሰላም፦ ስልሳ አርባ። በል ወደ ርዕሳችን።

ዳዊት፦ ርዕሱ ላይ ነን እኮ! ጎልፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ዳኛው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ውጤቱን ፈርሞ ያስረክባል፣ ይታመናል። ስለዚህ ሰው መግደል አያስፈልግም፤ በአንዲት ኳስ መዋሸት ይበቃል።

ሰላም፦ እንዴት አድርጎ?

ዳዊት፦ ኳስ ጠፋች በይ። መፈለጊያው 3 ደቂቃ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2019 በፊት 5 ነበር። ሊያልቅ ሲል አንዱ «አገኘኋት!» ብሎ ይጮኻል። ጠዋት ነው፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል። ኳሷ ግን ደረቅ ናት፣ ረጅሙ ሣር አናት ላይ ጉብ ብላለች። ከሩቅ ተመትታ የወደቀች ኳስ ሣሩ ውስጥ ትሰምጣለች፣ ትረጥባለች።

ሰላም፦ ከኪሱ ጥሏታል!

ዳዊት፦ ማን?

ሰላም፦ ካዲው!

ዳዊት፦ ኧረ ካዲውን ተይው! ጤዛው ላይ የእግር ዱካ አለ። ወደ ኳሷ የሚያደርሰው ዱካ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የክለቡ ሊቀመንበር።

ሰላም፦ እህ! እና ማን ደረሰበት?

ዳዊት፦ እሱን ገና አላሰብኩም።

ሰላም፦ ካዲው ይሁና! ቦርሳውን የሚሸከመው እሱ፣ እያንዳንዱን ምት የሚያየው እሱ። ሰውየው ኳሱ ላይ በእስክሪቢቶ ምን ምልክት እንደሚያደርግ አብጠርጥሮ ያውቃል።

ዳዊት፦ ስታሳጪው ቆይተሽ አሁን መርማሪ አደረግሽው?

ሰላም፦ አዎ! የዉዝናሙ ግን ስልሳ አርባ ነው።